የአራት ሰዓቱ ወተት

የልጄ አባት፣ ሽፌ፣

ከተለያየን ዓመት ከአንድ ወር አለፈን። ሙት ዓመትህን በወጉ አወጣንልህ፤ ዕድርተኛው ድንኳኑን ተከለ፣ ካህናቱ መጡ፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ከድስት ወደ ድስት ስሮጥ፣ ካንተ ጋር አንዲት ቃል ሳልጫወት ቀኑ አለቀብኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ሚሚ ልታጠና ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች። እናትህ ከቅዳሴ ተመልሰው ጋደም ብለዋል። ቤቱ ጭር ሲልልኝ ከሚሚ ደብተር መሃል ጥቂት ቅጠል ገንጥዬ ይኸው ተቀመጥኩ። ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፤ ‹‹ዶሮ ጭራው የሄደች ነው የሚመስለው›› እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁንም ያው ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ምን ልትሆን ብለህ ነው። ብቻ አንተ ማንበቡ አያቅትህም፤ ያልጻፍኩትንም ከፊቴ ላይ ታነብ የነበርክ ሰው ነህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓዳው ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ከርሞ፣ በመስከረም ያቺን አንተ ከአልጋ ሥር ያስቀመጥካትን ቆርቆሮ አውጥተን አስመታናት። አሁን አያፈስም። አልጋውን ከመስኮቱ አጠገብ አነሳሁት፤ ባዶው ያንተ ጎን ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ማየቱ ከብዶኝ ነው። ራዲዮኑ አሁንም አናቱን ካልመቱት አይናገርም፤ እንዳንተ አመታቱን የሚያውቅለት ግን ጠፋ። እኔ ስመታው ጭራሽ ያኮርፋል። ሚሚ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ቁመቷ ጆሮዬ ድረስ ደርሷል። ስትቆጣ ቅንድቧን የምታነሳው ነገር ቁርጥ አንተን ነው፤ አንዳንዴ ልቆጣት እጀምርና ያንን ቅንድብ ሳይ ሳቄ ይመጣል።

እናትህ እማማ ጥሩነሽ የብስራተ ገብርኤሉን ቤታቸውን ለእህትህ ትተው እኛ ጋ ጠቅልለው ገብተዋል። ‹‹የልጄ ሚስት ብቻዋን አትቀመጥም›› ብለው ነው የመጡት። እውነቱን ለመናገር ግን የመጡት የሚሚን ፀጉር ሊሠሩ ነው። ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ከተባለ ሰልፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ሰልፉ ላይ ያቆሙና ፀሐዩን ሸሽተው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ባለፈው አንዷ ከዘራውን ገፋ አድርጋ ልትገባ ብትል፣ ከተቀመጡበት ሆነው ‹‹አንቺ! እኔን ነው የገፋሽኝ!›› ብለው ሰፈሩን አሳቁት። እንዲህ ነን እንግዲህ።

እኔም ከአዲስ ዓመት ወዲህ ፋብሪካው ውስጥ ተቆጣጣሪ አድርገውኛል። አዎ፣ እኔ! በማሽኖቹ መሃል እየተመላለስኩ፣ ክር ሲበጠስ ማን ፈጥና እንደቀጠለች፣ የማን ማሽን እንደቆመ አያለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር አድርጌ ነበር፤ ላንተ ሳልናገረው የሚከነክነኝ ነገር። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን የጥጡን ጨዋታ እናንሳው። የሚሚ ልደት በደረሰ ቁጥር አንተ ነበርክ የምታነሳው፤ አንተ እያወራህ፣ እኔ ‹‹ኧረ በልጅቷ ፊት ተው!›› እያልኩ። ዘንድሮ የሚያነሳልኝ ጠፋ። እኔው ላንሳልህ።

ሚሚን ስወልዳት ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተስፋ ቆርጦልን ካበቃ በኋላ የመጣች ልጅ ናት። አንተ ያን ጊዜ ከነፋስ ስልክ በታች ያለውን መጋዘን ሌሊት ትጠብቃለህ፤ እኔ ፈትል ክፍል የመጀመሪያው ፈረቃ ላይ ነኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ስምንት ሰዓት እወጣለሁ። እናትህ ሊያርሱኝ መጥተው፣ አጥሚቱን አጠጥተው፣ ገንፎውን አጉርሰው፣ እኔን እንደ ሙሽራ ሚሚን እንደ ዕንቁላል ይዘውን ከርመዋል።

ታዲያልህ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሚሚ ክርስትና አልተነሳችም። ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗን ትጠብቃለች፤ ፈቃዱ ደግሞ ሰማንያ ቀን አይጠብቅም። የአራስነት ላቤ ሳይደርቅ ጋዋኔን ለብሼ ከጎፋ ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። እናትህ ‹‹ምን ዓይነት ዘመን ነው አራስ የሚያስነሳ!›› እያሉ በሩ ላይ ቆመው ያማርራሉ። ሚሚ የላም ወተት በጡጦ ተቀላቅሎ ተሰጣት፤ እሷ ግን ጡጦውን ስታይ አፏን እንደ ቦርሳ ገጥማ ትይዛለች። በግድ የገባውን መልሳ በእናትህ ቀሚስ ላይ ትተፋዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልብሷ ሰፋት። ከሥራ ስመለስ ድምፅዋ ሰልሎ፣ እናትህ እያለቀሱ፣ አንተ ሌሊቱን ቆመህ አድረህ ሳትተኛ ጡጦ ይዘህ ስትንቆራጠጥ አገኛችኋለሁ። እንዲያ ከቀጠለ ልጅቷ ሰማንያዋን እንደማታይ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ወደ ፋብሪካው እንዳናመጣት፣ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ከደጃፍ አትወጣም፤ ጥላ ወጊ ይመታታል። እኔ መጥቼ እንዳላጠባት፣ በሥራ ሰዓት ከበር የሚወጣ የለም። አንድ ጊዜ ፎርማኑን ባስፈቅደው ‹‹ማሽኑን ማን ያጠባዋል?›› አለኝ። የተቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጡት ደግሞ ሰዓት ያውቃል። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የትም ልሁን የት፣ ሚሚ ጎፋ ሆና የጠራችኝ ይመስል ይሞላና ይፈስሳል። ጨርቅ ባደርግበት ጨርቁ ርሶ ጋዋኔ ላይ ይወጣል፤ ወንዶቹ መካኒኮች በዚያ ሲያልፉ ማሽኑን አቅፌ እቆማለሁ። አንድ ቀን ጨንቆኝ ጎንበስ አልኩና ወለሉ ላይ ከወደቀው ጥጥ እፍኝ አንስቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ውዳቂ ነው፤ ማታ ተጠርጎ የሚጣል። ወተቱን ግን ጥርግ አድርጎ ጠጣልኝ። በማግስቱም እንዲሁ አደረግኩ። መውጫ ላይ ሽንት ቤት ገብቼ እጥለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የሚሚ ልቅሶ ጆሮዬ ላይ ስለነበር መጣሉን ረስቼ የመውጫው ፍተሻ ሰልፍ ገባሁ።

ፈታሿ እጇን ደረቴ ላይ ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ። ሳበችና ያንን ጥጥ በሁሉ ፊት አወጣችው። ያኔ የነበረውን ዘመን ታውቃለህ። የሕዝብ ንብረት ነካ የተባለ ሰው፣ የነካውን ሚዛን ላይ የሚያወጣለት የለም፤ እፍኝም ይሁን ኩንታል አሻጥር ነው። ከዚያው ወደ ማኅበሩ ቢሮ አስገቡኝ። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንዶች፣ በመሃላቸው መነጽር ያደረገው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ጥጡ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሞተ ወፍ ተቀምጧል።

‹‹ጓዲት፣ ስንት ጊዜ ወስደሻል?›› አለኝ። ‹‹ለማን ነው የምትሸጪው?›› አለኝ ሁለተኛው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በአባቴ ቤት እንዲህ ያለ ቃል በወንድ ፊት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ እዚያ ደግሞ ወንዶች ብቻ ናቸው። ‹‹አመመኝ›› ብቻ አልኩ። ‹‹የታመመ ጥጥ ይሰርቃል?›› አሉኝ። ዝም ባልኩ ቁጥር ሌባ እየሆንኩ ሄድኩ። አንደኛው ወረቀት አውጥቶ ስሜን መጻፍ ጀመረ። ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነበር፤ እኔ የምፈራው ወዲያ ወስደው ሲያሳድሩኝ፣ ሚሚ ያችኑ የስምንት ሰዓቷንም ጡት ማጣቷን ነው።

የቀረውን የነገረችኝ ደስታ ናት፤ ያቺ አጠገቤ ያለውን ማሽን ታሠራ የነበረችው፣ ከእኛ ቤት ሦስት አጥር ያህል ራቅ ብላ የምትኖር ቀልደኛ ሴት። ጥጡ ሲወጣ አይታ፣ ነጠላዋን አሸርጣ እስከ ጎፋ ሮጠች። አንተን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰችህ። ‹‹አስካለን ስለ ጥጥ ይዘዋታል፤ አፏን ይዛ ቆማለች፤ የሚያስረዳላት የለም›› ስትልህ፣ ተነስተህ ሚሚን በጋቢህ ጠቀለልካት አሉ። እናትህ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ‹‹ክርስትና ያልተነሳችን ልጅ! በላዬ ላይ ተራምደህ ካልሆነ አታወጣትም! አንድ ነገር ብትሆን እግዜር ካንተ ይጠይቅ!›› አንተ አልተራመድክባቸውም። ከቀበቶህ ያንን ትልቁን የመጋዘን ቁልፍ ፈታህና፣ ‹‹ብረት ይኸው እማ፤ ከዚህ የሚበልጥ ብረት የለኝም›› ብለህ ጋቢው ውስጥ ከሚሚ ጎን ሸጎጥከው። ብረት ያለበት ሕፃን አይነካም የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በእጃቸው ሥር ጎንበስ ብለህ ወጣህ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ቢሮው ውስጥ ቆሜ ስሜን ሲጽፉ አያለሁ። በድንገት ከበሩ ውጭ የሕፃን ጩኸት ሰማሁ። ስንት ሕፃን ይጮኻል፤ ያቺ ግን የኔ ናት። ደረቴ ከእኔ ቀድሞ አወቃት። ጥጥ የለ፣ ጨርቅ የለ፤ በሦስቱ ወንዶች ዓይን ፊት ጋዋኔ በሁለት በኩል ርሶ እስከ ወገቤ ወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። በሩ ተከፈተና አንተ ገባህ፤ ፀጉርህ በአንድ በኩል ተኝቷል፣ ጫማህ ያለ ካልሲ ነው። ጋቢውን ገለጥ አደረግክና ቀይ ሆና የምትጮኸውን ሚሚን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋሃት።

‹‹ጓዶች፣ ሌባዋን ይዣት መጥቻለሁ›› አልክ። ‹‹ጥጡን የሰረቀችው እሷ ናት። ምግቧ እዚህ ስለሚፈስ ነው።››

ፈታሿ ፍርስ ብላ ሳቀች። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ፤ ጋዋኔን አየና ዓይኑን የሚያስቀምጥበት አጣ። ‹‹በሉ… በሉ ትቀመጥ›› አለ። ወንበሩን ራሱ ነው የሰጠኝ። ከዚያ ሦስቱም ተነስተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደግሞ ሴቶች ከወንዶች እኩል ናቸው የሚል ትልቅ ቀይ ጽሑፍ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያንን እየደጋገሙ ሲያነቡት፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሚሚ ወተቱን ስትጎነጭ የምታሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ጉልክ፣ ጉልክ። አሁንም ስጽፈው ይሰማኛል።

አንተ ሌላ ሰው ብትሆን ሚስትህን ይዘህ ትወጣና ያበቃል። አላበቃህም። ሚሚ እየጠባች፣ ‹‹ነገስ?›› ብለህ ጠየቅካቸው። ሊቀመንበሩ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ሕፃን ፋብሪካ ውስጥ አይገባም አለ። ‹‹አይገባም፤ እኔ እስከ በሩ አመጣታለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ። ሠላሳ ደቂቃ ስጧት።›› ሁለተኛው ደንቡን ያወቀ ነው፤ ደንቡ ውስጥ ስለ ጡት የተጻፈ አንብቤ አላውቅም አለ። ‹‹አይጠባም የሚልስ አለ?›› አልከው። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ፣ ማሽኑ ከቆመስ? ደስታ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ ‹‹እኔ እጠብቅላታለሁ! ሁለት ማሽን ነው፣ ሁለት ባል አይደል!›› አለች። እንግዲህ በዚያ ተፈቀደልኝ። በዘበኛው ቤት፣ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል። በወረቀት አልተጻፈም፤ በቃል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ሌሊት ቆመህ ታድራለህ፣ ጠዋት ትገባለህ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳትተኛ ሚሚን ጠቅልለህ ትወርዳለህ። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላው ለእሷ፣ ጭቃው ላንተ። አንድ ቀን አንድ እግርህ ጥቁር አንድ እግርህ ቡናማ ጫማ አድርገህ መጥተህ፣ ዘበኛው እስኪነግርህ አላወቅክም። እኔ ውስጥ ሳጠባ አንተ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠህ ታንቀላፋለህ፤ የሚሚ ኮፍያ ጉልበትህ ላይ ተሰቅሎ። ከዘበኛው ቤት መስኮት አንገትህ ሲወድቅና ሲነሳ አይ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላልኩህም። ሰው ባሉን እወድሃለሁ የሚልበት ሰፈር አልነበረም የእኛ ሰፈር። የዛሬ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ሳንባህ አልታዘዝ ብሎህ አንገትህ ትራሱ ላይ ወደቅ ሲል፣ ትዝ ያለኝ ያ ድንጋይ ነው።

የሰፈሩ ወንዶች መቼ ለቀቁህ። ‹‹ሞግዚቱ መጣ!›› ይሉሃል። ጠጅ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት ‹‹ሽፈራው፣ አንተስ መቼ ነው የምትወልደው?›› ሲሉህ፣ ‹‹ወሬ አታብዙ፣ ቀኔ ገና ነው›› ብለህ ታልፋለህ። ቤት ገብተህ ግን አንዳንዴ ትተክዝ ነበር፤ አውቅብሃለሁ። እናትህ እስከ ክርስትናው ሦስት ሳምንት ሙሉ አላነጋገሩህም። ምግብህን ወደ እኔ እያዩ ‹‹ለዚያ ሰውዬ ስጪው›› ይሉ ነበር። በየጠዋቱ ግን ስትወጣ ጋቢውን ዳብሰው ቁልፉ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይለቁህም። ሰማንያዋ ሞልቶ ገብርኤል ስናስጠምቃት፣ እናትህ ‹‹አባ፣ ልጄ ሳትጠመቅ ከቤት አውጥቷታል፤ ንስሐ ይስጡት›› ብለው ከሰሱህ። ቄሱ ወዴት ወሰድካት ሲሉህ ‹‹ወደ እናቷ›› አልካቸው። ቄሱ ሚሚን ትክ ብለው አዩ። ያን ጊዜ ጉንጯ ተመልሶ አንገቷ ተደራርቦ ነበር። ‹‹ቅጣቱን ከዚህች ላይ አላየሁም›› ብለው ወደ ውሃው ሄዱ። እናትህ እዚያው አቀፉህ።

ባመቱ አራት ሴቶች ሆነን ነበር በዘበኛው ቤት። የአንዷን እናቷ፣ የአንዷን እህቷ ታመጣላታለች። ባል የሚያመጣላት እኔ ብቻ ነበርኩ። አቤት ስኮራ!

እንግዲህ አሁን ወደ ሠራሁት ልምጣ።

ሰሚራ የምትባል ልጅ አለች፣ ከእኔ ሥር ካሉት። የስልጤ ልጅ ናት፣ እጇ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ። ባሏ ወታደር ቤት ነው፤ የት ግንባር እንዳለ እንኳ አታውቅም። በጥቅምት ወለደች፤ ፈቃዷ አለቀና ተመለሰች። ልጁን አራት ሰዓት ላይ እናቷ ከለቡ መንገድ ወዲህ በእግራቸው ያመጡላታል። በዚህ መሃል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣብን። ጎልማሳ ነው፣ ክፉም አይደል፤ ነገር ግን ኮታ ኮታ ይላል። መዝገብ ሰጠኝና ማሽን የቆመበትን ደቂቃና ምክንያቱን ጻፊ አለኝ። ሽፌ፣ እኔ ተቆጣጣሪ ተብዬ መዝገብ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ዞርኩ። የሰሚራ ማሽን ሠላሳ ደቂቃ ቆመ፤ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ሥር ‹‹በግል ጉዳይ›› አልኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን፤ በግል ጉዳይ፣ በግል ጉዳይ። ማሽኗን የሚጠብቅላት አልነበረም፤ ደስታ ጡረታ ወጥታለች፤ አዳዲሶቹ ልጆች የድሮውን ነገር አያውቁም። ልጠብቅላት የምችለው እኔ ነበርኩ። ግን መዝገብ ይዤ ነበራ።

በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ያንን የኔን ጽሕፈት አንብቦ፣ ከእንግዲህ ለግል ጉዳይ ማንም ወደ በሩ አይሂድ፣ ሕፃንም በር ላይ አይቁም የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ዶሮ ጭራው የሄደችው ጽሕፈቴ ያን በር ዘጋው።

ያን ዕለት አራት ሰዓት ሲሆን በማሽኖቹ መሃል እየሄድኩ ነበር። ሰሚራ ግራና ቀኝ አየች፣ ጎንበስ አለች፣ ከወለሉ ላይ እፍኝ ጥጥ አነሳችና ፈጠን ብላ ጋዋኗ ውስጥ አስገባችው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፊቷ አመድ መሰለ። ‹‹እትዬ አስካለ፣ ወላሂ ውዳቂ ነው›› አለችኝ።

ያኔ ጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ቆሜ ነበር፤ አሁን ወዲያ ማዶ ካሉት ጋር ተቀምጫለሁ። ‹‹አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ›› ብቻ አልኳት። መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ በሩ ሳይ፣ አሮጊቷ እናቷ ሕፃኑን አቅፈው ከተዘጋው በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ያ ድንጋይህ እዚያው አለ። አልተቀመጡበትም፤ የሚያባርሯቸው መስሏቸው።

መዝገቡን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ፈርቻለሁ። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ መቆሜ ነው ብዬ ራሴን አበረታሁ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ፣ በፊቱ፣ ‹‹በግል ጉዳይ›› የሚለውን ሦስቱንም ቦታ ሰረዝኩና ከላዩ ‹‹ልጇን ለማጥባት›› ብዬ ጻፍኩ። ‹‹ምን እያደረጉ ነው እትዬ?›› አለኝ። ‹‹ስህተቴን እያረምኩ›› አልኩት። ያን ቃል በወንድ ፊት ማለት ያቃተኝ ሴትዮ፣ ጡት ስለሚባለው ነገር ሩብ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩት! ወተቱ ሲቆም እንደማይመለስ፣ ልጅ የታመመባት ሴት ከሠላሳ ደቂቃ ይልቅ ስንት ቀን እንደምትቀር፣ ሁሉንም። የሚሚንና የጥጡንም ነገር ነገርኩት። ሳቀ። የራሱ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት አሉ፤ እኔ ያወቅኩት ኋላ ነው። ‹‹ማሽኑ ግን መቆም የለበትም›› አለ በመጨረሻ። ‹‹አይቆምም። እኔ እቆምበታለሁ›› አልኩት። ‹‹ተቆጣጣሪ ሆነው?›› ‹‹ተቆጣጣሪ ሆኜ።›› ለአንድ ወር ይታይ ብሎ ማስታወቂያውን አስነሳ። አንድ ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ። ግን እኔም እዚያው ነኝ፤ ወሩ ሲያልቅ እንደገና እገባለታለሁ። በዚህ ጊዜ በቃል አልቀበልም፤ አስጽፋለሁ።

ያን ቀን ቤት ስገባ ለእናትህ ነገርኳቸው። ተነሱና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቁልፍህን አወረዱ። መጋዘኑ መቆለፊያውን ከቀየረ ስንት ዓመቱ፤ ምንም የማይከፍት ቁልፍ ነው። በቀሚሳቸው ጫፍ ወልወል አድርገው ‹‹ውሰጂላቸው›› አሉኝ። ‹‹እማማ፣ እነሱ እስላሞች ናቸው፣ የሚሉትን አላውቅም›› ብላቸው፣ ‹‹ሕፃን ሕፃን ነው፤ አትከራከሪኝ›› አሉ። በማግስቱ እየፈራሁ ለሰሚራ እናት ሰጠኋቸው። ሴትየዋ ቁልፉን በእጃቸው መዝነው ሳቁና የሕፃኑን መጠቅለያ ገለጥ አደረጉልኝ። ከጎኑ የራሳቸው የሆነ ትንሽ ቢላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ‹‹ሁለት ብረት አይበዛበትም›› ብለው ያንተንም አጠገቡ ሸጎጡት። ከዚያ ድንጋይህ ላይ ተቀመጡ።

ሽፌ፣ መቃብርህ ላይ አበባ በየወሩ አመጣለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ጉልበቴም ታክሲውም አይፈቅድም። የማስብህ ግን ሰዓት አለው። በየቀኑ አራት ሰዓት ሲሆን ሰሚራ ማሽኗን ለእኔ ትታ ወደ በሩ ትሮጣለች። እኔ መዝገቤን አስቀምጬ በቦታዋ እቆማለሁ። ጣቴ እንደ ድሮው ፈጣን አይደለም፤ ክር ይበጠስብኛል፣ እቀጥላለሁ፣ ይበጠስብኛል፣ እቀጥላለሁ። ዓይኔ ክሩ ላይ ነው። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነው፤ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ኮቴ እየሰማ። እዚያች ማሽን ላይ መቆም እስከቻልኩ ድረስ፣ ያቺ ሠላሳ ደቂቃ ያንተ ናት።

የሚሚ እናት፣
አስካለ